ከሦስት ሺህ ያልዘለለ ደንበኛ የነበረው «ዘ ሊበሬተር» አሜሪካን ያናወጠው እንዴት ነው?

የማኅደር ወዳጅ (ክሩን የከፈተው)

ጤና ይስጥልኝ። በዚህ መድረክ ስለ አሜሪካ ባርነት በተወያየን ቁጥር ነገሩ ከሊንከንና ከእርስ በርስ ጦርነቱ ይጀምራል፤ እዚያው ላይም ያልቃል። ዛሬ ላነሣ የፈለግሁት ጦርነቱ ከመፈንዳቱ 30 ዓመት ቀድሞ፣ ጃንዋሪ 1 ቀን 1831 በቦስተን ከተማ መታተም ስለ ጀመረው «ዘ ሊበሬተር» ስለተባለ ባለ አራት ገጽ ሳምንታዊ ጋዜጣ ነው (ዘመኑን ሁሉ የምጽፈው እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስሙ «ነፃ አውጪው» እንደ ማለት ነው። እስከ ዲሴምበር 29 ቀን 1865 ድረስ 1,820 እትሞች ወጥተውለታል፤ በዚህ ሁሉ ዘመን ግን የደንበኞቹ ቁጥር ከ3,000 ገደማ አልፎ አያውቅም። የጆርጂያ ግዛት ምክር ቤት አዘጋጁን ይዞ ለፍርድ ላቀረበ 5,000 ዶላር እንዲከፈል የወሰነው ግን ጋዜጣው ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው ነበር። ይህን የሚያህል ቁጣ በዚህን ያህል ትንሽ ወረቀት ላይ የወረደበት ምክንያት ብዙ ጊዜ ሲያሳስበኝ ቆይቷል።

አዘጋጁ ዊልያም ሎይድ ጋሪሰን በ1805 ኒውበሪፖርት በተባለች የማሳቹሴትስ የወደብ ከተማ ተወለደ። አባቱ መርከበኛ ነበር፤ ልጁ ነፍስ ሳያውቅ ቤተሰቡን ጥሎ ሄደ። ጋሪሰን በ13 ዓመቱ የከተማዋ ጋዜጣ ማተሚያ ቤት ገብቶ የፊደል ለቀማ ሙያ ተማረ፤ ዕድሜ ልኩንም እጁ ከእርሳስ ፊደል አልራቀም። በ1829 ወደ ባልቲሞር ሄዶ ቤንጃሚን ላንዲ ከተባለ ፀረ ባርነት አሳታሚ ጋር መሥራት ሲጀምር፣ በገዛ የትውልድ ከተማው የሚኖር አንድ ባለ መርከብ በባርነት የተያዙ ሰዎችን ከባልቲሞር ወደ ኒው ኦርሊንስ ማጓጓዙን ስሙን ጠቅሶ ጻፈ። በስም ማጥፋት ተከሶ 50 ዶላርና የፍርድ ቤቱን ወጪ እንዲከፍል ተፈረደበት፤ መክፈያ ስላልነበረው አርተር ታፓን የተባለ የኒው ዮርክ ነጋዴ ገንዘቡን እስኪከፍልለት ድረስ 49 ቀን ታሰረ።

ከዚያ በኋላ ነው ከአገሩ ልጅ ከአይዛክ ናፕ ጋር ሆኖ ቦስተን ውስጥ የራሱን ጋዜጣ የጀመረው። ሁለቱም የራሳቸው ፊደል አልነበራቸውም። የመጀመሪያዎቹን እትሞች ያወጡት በሌላ ማተሚያ ቤት በጉልበታቸው ሠርተው፣ በክፍያው ፈንታ የቤቱን ፊደል ተውሰው ነበር። ጽሕፈት ቤታቸው መኖሪያቸውም ነበር፤ ወለሉ ላይ ይተኛሉ፤ ምግባቸው በአብዛኛው ዳቦና ወተት ነበር። ጋሪሰን ርእሰ አንቀጹን በወረቀት አይጽፍም ነበር ይባላል። የፊደል ሣጥኑ ፊት ቆሞ ሐሳቡን በቀጥታ ከፊደል ፊደል እየለቀመ ይደረድረው ነበር፤ ያውም እንደ ማንኛውም ፊደል ለቃሚ ተገልብጦ የሚነበበውን መስመር።

ሁለት ጥያቄ ልተውላችሁ። የዚህን ጋዜጣ ወጪ የሸፈነው ማን ነው? ከቦስተን አውጥቶ በመላ አገሪቱ ያሰራጨውስ ማን ነው? የእኔ መልስ አጭር ነው፦ ወጪውን የሸፈኑት ነፃ ጥቁር አንባቢዎች ናቸው፤ ያሰራጩት ደግሞ ጠላቶቹ ናቸው። ዝርዝሩን በምላሾቻችሁ መሠረት እመለስበታለሁ።

ነዋሪነቷ ቦስተን

ጋሼ፣ ይህን ርእስ ስላነሡ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ወደ ሥራ ስሄድ በኮመንዌልዝ ጎዳና መካከል በተተከለው የጋሪሰን ሐውልት አጠገብ አልፋለሁ። ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚታይ የነሐስ ሐውልት ነው፤ በድንጋይ መቆሚያው ላይም በመጀመሪያው እትም ያወጣው ቃል ተቀርጿል። ትርጉሙን በራሴ አማርኛ ላስፍር፦ «የምናገረው ከልቤ ነው፤ አላድበሰብስም፤ ማመካኛ አላቀርብም፤ አንዲት ስንዝር ወደ ኋላ አልልም፤ መደመጤም አይቀርም።» ከዚያው ጽሑፍ ውስጥ ሐውልቱ ላይ ያልገባው ክፍል ደግሞ የበለጠ ይነካኛል። ቤቱ ለተቃጠለበት ሰው ቀስ ብለህ ጩህ ልትሉት ትችላላችሁ፤ ሕፃን ልጇ እሳት ውስጥ ለወደቀባት እናት ቀስ በቀስ አውጪው ልትሏት ትችላላችሁ፤ እኔን ግን በዚህ ጉዳይ ለዘብ በል አትበሉኝ ይላል።

የሚያስገርመኝ ያን ጊዜ የከተማዋ ከንቲባ ሃሪሰን ግሬይ ኦቲስ ጋዜጣው መኖሩን እንኳ አለማወቃቸው ነው። ከደቡብ ባለሥልጣናት «ይህን ሰው አንድ በሉልን» የሚል ደብዳቤ ሲደርሳቸው ሰው ልከው አስፈለጉ። የተላኩት ሰዎች ያቀረቡት ሪፖርት፣ ከንቲባው ኋላ እንዳስታወሱት፣ ጽሕፈት ቤቱ ማንም የማያውቀው ጉድጓድ መሆኑን፣ በዓይን የሚታይ ረዳቱ አንድ ጥቁር ልጅ ብቻ መሆኑን፣ ደጋፊዎቹም ከየቀለሙ የተውጣጡ ጥቂት የማይረቡ ሰዎች መሆናቸውን የሚገልጽ ነበር። እንዲያ የተባለለት ሰው ዛሬ በከተማዋ ሀብታሞች ጎዳና መካከል ተቀምጧል።

አልተዋጠልኝም

የክሩ ከፋች ያቀረቡት ታሪክ ልብ ይነካል፤ ድምዳሜው ግን ለእኔ አልተዋጠልኝም። ሦስት ሺህ ደንበኛ ያለው ጋዜጣ አገር አናወጠ ማለት፣ አገሪቱን በእርግጥ ያናወጡትን ትልልቅ ኃይሎች መሸፈን ይሆናል። በ1860 በአሜሪካ በባርነት የተያዙት ሰዎች አራት ሚሊዮን ያህል ነበሩ፤ የደቡቡ ኢኮኖሚ በጥጥ ላይ፣ ጥጡም በእነርሱ ጉልበት ላይ የቆመ ነበር። ጦርነቱን ያመጣው በምዕራብ በኩል የሚከፈቱት አዳዲስ ግዛቶች ባርነትን ይፍቀዱ ወይስ አይፍቀዱ የሚለው ጭቅጭቅ እንጂ በቦስተን የታተመ ርእሰ አንቀጽ አይደለም።

በዚያ ላይ ጋሪሰን ከፖለቲካ ራሱን ያገለለ ሰው ነበር። ሕገ መንግሥቱ ባርነትን ስላቀፈ «ከሞት ጋር የተደረገ ቃል ኪዳን፣ ከሲኦል ጋር የተደረገ ስምምነት» ነው ብሎ ስለሚያምን ድምፅ መስጠትን ይቃወም ነበር፤ ሰሜኑ ከደቡቡ እንዲገነጠልም ይሰብክ ነበር። በ1854 በአሜሪካ የነፃነት በዓል ቀን ፍሬሚንግሃም በተባለ ቦታ በሕዝብ ፊት የሕገ መንግሥቱን ቅጂ አቃጥሏል። ባርነትን በምርጫ ለመታገል የፈለጉት ወገኖች በ1840 ከእርሱ ማኅበር ተለይተው የራሳቸውን መንገድ ይዘዋል፤ ሊንከንን ያስመረጠው ፓርቲ ከሊበሬተር ጽሕፈት ቤት አልወጣም። እንግዲህ የጋዜጣውን ተጽዕኖ በምን እንለካው?

የማኅደር ወዳጅ

ወንድሜ «አልተዋጠልኝም»፣ ጥጡንም ምዕራቡንም አልክድም፤ ነገር ግን ጋዜጣ የሚለካው በደንበኛ ቁጥር ብቻ ከሆነ በዚያን ዘመን የነበረውን የፖስታ አሠራር አልቆጠርነውም። በአሜሪካ ሕግ መሠረት የጋዜጣ አዘጋጆች ጋዜጦቻቸውን እርስ በርሳቸው በፖስታ የሚለዋወጡት ያለ ክፍያ ነበር። የዜና አገልግሎት ድርጅት ባልነበረበት ዘመን እያንዳንዱ አዘጋጅ ገጹን የሚሞላው ከሌሎች ጋዜጦች በመቀስ እየቆረጠ ነው። ጋሪሰንም ወረቀቱን ለደቡብ አዘጋጆች ይልካል፤ እነርሱ በንዴት ጦፈው «ይህን ጉድ እዩልን» በማለት ከነስድቡ ያትሙታል፤ የእነርሱ ጋዜጣ በተራው ቦስተን ይደርሳል፤ ጋሪሰን ስድቡን ቆርጦ መልስ ጽፎበት ያወጣዋል፤ ያም ተመልሶ ደቡብ ይገባል። ለዚሁ ሲል «የጭቆና መጠጊያ» የሚል ቋሚ ዓምድ ከፍቶ የባርነት ደጋፊዎችን ጽሑፍ ሳምንት ሳምንት እንዳለ ያትም ነበር። ቦስተን ውስጥ ጥቂት መቶ ሰው የሚያነበው አንቀጽ በቻርለስተንና በሪችመንድ በጠላት ብዕር ታጅቦ በሺዎች ይነበብ ነበር ማለት ነው።

ቀጥሎ የሆነው ደግሞ ጊዜው የሰጠው ነገር ነው። ጋዜጣው ስምንት ወር ሳይሞላው በኦገስት 1831 በቨርጂኒያ ሳውዝሃምፕተን ወረዳ ናት ተርነር የመራው የባሮች ዓመፅ ተነሣ። ተርነር ሊበሬተርን ለማየቱ ምንም ማስረጃ የለም፤ የግዛቱ ገዥ ጆን ፍሎይድ ግን ጥፋቱን የሰሜን ጋዜጦች ላይ ጣሉት። ከዚያ በኋላ እርምጃው በእርምጃ ላይ ተደረበ። የሰሜን ካሮላይና ታላቁ ጁሪ (ሰው ይከሰስ አይከሰስ የሚወስን የዜጎች ጉባኤ) በጋሪሰንና በናፕ ላይ ክስ መሠረተ፤ በዋሽንግተን አጠገብ ያለችው የጆርጅታውን ከተማ ነፃ ጥቁሮች ይህን ጋዜጣ ከፖስታ ቤት እንዳይወስዱ ከልክላ ለተላለፈ 20 ዶላር ቅጣትና 30 ቀን እስራት ደነገገች፤ ጆርጂያም ያልኩትን 5,000 ዶላር አቀረበች። አንድ ነፃ ጥቁር ዜጋ በስሙ የመጣለትን ጋዜጣ ከፖስታ ቤት ሲቀበል የሚታሰርበት ሕግ ወጣ ማለት፣ ከባርነት አልፎ የማንበብ መብት ላይ መጡ ማለት ነው።

ተጽዕኖውን የምለካው እዚህ ላይ ነው። ብዙው የሰሜን ነጭ ሰው ስለ ባሪያው ግድ አልነበረውም። ዳሩ ግን በ1835 በቻርለስተን ሰዎች ፖስታ ቤት ሰብረው የፀረ ባርነት ጽሑፎችን ሲያቃጥሉ፣ ከ1836 እስከ 1844 ደግሞ የተወካዮች ምክር ቤት ፀረ ባርነት አቤቱታዎች እንዳይታዩ ሲያግድ፣ ያ ግድ የሌለው ሰው «የእኔስ አፍ ነገ ቢለጎምስ?» ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ምዕራቡ ባርነትን ይፍቀድ ወይስ አይፍቀድ የሚለው ጭቅጭቅ ሲመጣ ያ ሰው ቀድሞ ቂም ይዟል።

ቀለምና ወረቀት

በጋሼ ሐሳብ ላይ የምጨምረው የኢላይጃ ላቭጆይን ነገር ነው። እርሱ የሊበሬተር ሰው አልነበረም፤ መጀመሪያ ላይ የጋሪሰንን አካሄድ አይወድም ነበር። በሴንት ሉዊስ ከተማ ሃይማኖታዊ ጋዜጣ ያዘጋጅ የነበረ ቄስ ነው፤ በሥጋት ምክንያት ወንዙን ተሻግሮ በነፃው ግዛት በኢሊኖይ ወደምትገኘው ኦልተን ተዛወረ። ሦስት ጊዜ የማተሚያ መኪናውን ሰባበሩበት። አራተኛው መኪና በመጋዘን ውስጥ እንዳለ ኖቬምበር 7 ቀን 1837 ሌሊት ሕዝብ ከቦ ጣሪያውን በእሳት ሊያያይዝ ሲል፣ ለመከላከል ሲወጣ በጥይት ተመትቶ ሞተ፤ መኪናውንም ሰባብረው ጣሉት። ዕድሜው ገና 34 ነበር፤ ሁለት ቀን ቢቆይ 35 ይሞላው ነበር።

ጋሪሰን ራሱ ከዚያ በፊት በኦክቶበር 21 ቀን 1835 ለጥቂት ነው የተረፈው። በቦስተን የሴቶች ፀረ ባርነት ማኅበር ስብሰባ ላይ የተሰበሰበው ግርግር በመስኮት ዘልሎ ከተደበቀበት የአናጢ ቤት አውጥቶ በገመድ አስሮ በጎዳና ጎተተው። የግርግሩ ተሳታፊዎች ወሮበላ ብቻ አልነበሩም፤ ኮት የለበሱ ነጋዴዎችም ነበሩባቸው። ከንቲባው ቴዎዶር ላይማን ሊያድኑት የቻሉት «ሰላም በማደፍረስ» በሚል ወኅኒ አስገብተው በማሳደር ነበር። የሰሜን ከተሞች የደቡቡን ጥጥ ይሸጡ፣ ይሸምኑ፣ ያጓጉዙ እንደ ነበር ካሰብን የነጋዴዎቹ ንዴት ከየት እንደ መጣ ግልጽ ነው።

እማማ ፊደል

ልጆቼ፣ እስካሁን የጻፋችሁትን በጥሞና አነበብሁ፤ የክሩ ከፋች «ወጪውን የሸፈኑት ጥቁር አንባቢዎች ናቸው» ብሎ ያነሣውን ግን ሁላችሁም ዘላችሁት አለፋችሁ። ይህ ደግሞ ዋናው ነገር ነው።

የጋዜጣው ዋጋ በዓመት 2 ዶላር ነበር። አንድም እትም ሳይወጣ በፊት የፊላደልፊያው ጄምስ ፎርተን 54 ዶላር ልኮ የ27 ደንበኞችን ክፍያ አስቀደመ። ፎርተን ጥቁር የሸራ ሰፊ ነው፤ የመርከብ ሸራ የሚሠራ ትልቅ ድርጅት ነበረው፤ በልጅነቱም በአሜሪካ የነፃነት ጦርነት በመርከብ ላይ ተዋግቷል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ከጋዜጣው ደንበኞች ሦስት አራተኛ ያህሉ በሰሜን የሚኖሩ ነፃ ጥቁሮች ነበሩ፤ ፀጉር አስተካካዮች፣ መርከበኞች፣ የቤት ሠራተኞች፣ ሰባኪዎች። ያንን 2 ዶላር የሚከፍለው ሰው ስንት ቀን የሠራበትን ደመወዝ እንደሚሰጥ ልብ በሉ።

ሐሳቡም ቢሆን ከጋሪሰን አልጀመረም። ሳሙኤል ኮርኒሽና ጆን ረስወርም «ፍሪደምስ ጆርናል» የተባለውን የመጀመሪያውን የጥቁሮች ጋዜጣ በኒው ዮርክ ያቋቋሙት በማርች 1827 ነው። በመጀመሪያው እትማቸውም የራሳችንን ጉዳይ ራሳችን ልንሟገት እንፈልጋለን፤ ለረጅም ጊዜ ሌሎች ስለ እኛ ተናግረዋል ብለው ጽፈው ነበር። የቦስተኑ ዴቪድ ዎከር የተባለ ያገለገለ ልብስ ነጋዴ በ1829 ያሳተመው የይግባኝ ጽሑፍ ደግሞ በመርከበኞች እጅ ወደ ደቡብ ወደቦች ይገባ ነበር። ጋሪሰን በወጣትነቱ ጥቁሮቹ ወደ አፍሪካ ይመለሱ ከሚሉት ወገን ጋር ቆሞ ነበር፤ ከዚያ ሐሳብ ያወጡት እነዚህ ጥቁር ወዳጆቹ ናቸው። ፎርተን ባይኖር፣ የቦስተንና የፊላደልፊያ ጥቁር አብያተ ክርስቲያናት ባይኖሩ ያ ዳቦና ወተት እንኳ የሚገኝ አይመስለኝም።

ሴቶቹንም አትርሷቸው። ማሪያ ስቱዋርት የተባለች ወጣት ጥቁር ባል አልባ ሴት በ1831 ጽሑፏን ይዛ ወደ ሊበሬተር ቢሮ ሄደች፤ ጋሪሰንም አሳተመላት። ከዚያም ወንድና ሴት ተቀላቅሎ በተቀመጠበት አዳራሽ በአደባባይ መናገር ጀመረች፤ ይህ በዚያን ዘመን ለነጭ ሴት እንኳ ነውር ነበር። ንግግሮቿን ጋዜጣው አትሞላታል። ማሪያ ዌስተን ቻፕማን ደግሞ ጋሪሰን በታመመና በተጓዘ ጊዜ የዝግጅቱን ሥራ ትሸፍን ነበር፤ የቦስተን ሴቶች በየዓመቱ ባዛር አዘጋጅተው የጥልፍ ሥራና የእጅ ጥበብ ሸጠው የትግሉን ወጪ ይደጉሙ ነበር።

የአራት ኪሎ ልጅ

እማማ፣ ያሉት ሁሉ ልክ ነው፤ እንዲያውም ከዚያው ሐሳብ የሚፈልቅ ትልቁ ምሳሌ ፍሬድሪክ ዳግላስ ነው። በሴፕቴምበር 1838 ከሜሪላንድ አምልጦ ኒው ቤድፎርድ ከገባ ከጥቂት ወራት በኋላ አንድ ወጣት መጥቶ የሊበሬተር ደንበኛ መሆን ትፈልጋለህ ወይ ብሎ ጠየቀው። ዳግላስ ከባርነት ያመለጠው ገና አሁን በመሆኑ ለጊዜው መክፈል እንደማይችል ነገረው። በኋላ ግን ደንበኛ ሆነ፤ በ1845 በታተመው የሕይወት ታሪኩም ጋዜጣው ምግቤና መጠጤ ሆነ፤ ነፍሴ በእሳት ተቀጣጠለች ብሎ ጽፏል። በወደቡ የቀን ሥራ እየሠራ ሳምንት ጠብቆ ያችን ወረቀት የሚያነበው ሰው በ1841 ናንቱኬት ደሴት ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ በብዙ ነጮች ፊት ሲናገር ጋሪሰን አዳራሹ ውስጥ ነበር።

ነገሩ የሚከረው ከዚህ በኋላ ነው። ዳግላስ ወደ ብሪታንያ ሄዶ በ1847 ሲመለስ፣ እዚያ ያሉ ወዳጆቹ ነፃነቱን በ150 ፓውንድ ገዝተውለት፣ ማተሚያ መኪና የሚገዛበትንም ገንዘብ አዋጥተውለት ነበር። ጋሪሰንና ጓደኞቹ ግን «ሌላ ጋዜጣ አያስፈልግም፤ የአንተ ስጦታ መናገር ነው» አሉት። ዳግላስ ከሊበሬተር ጋር ላለመሻማት ርቆ ወደ ሮቼስተር ሄደና ዲሴምበር 3 ቀን 1847 «ዘ ኖርዝ ስታር» የተባለውን ጋዜጣ አወጣ፤ ስሙ ወደ ሰሜን የሚያመልጡት ሰዎች ሌሊት የሚመሩበት ኮከብ ነው። ማርቲን ዲላኒ አብሮት አዘጋጅ ነበር፤ በሊበሬተር ቢሮ ያደገው ጥቁሩ ዊልያም ኔል ደግሞ የኅትመቱን ሥራ ይመራ ነበር። በጋዜጣው ራስ ላይ የሰፈረው መሪ ቃል መብት ጾታ፣ እውነትም ቀለም እንደሌላት፣ እግዚአብሔር የሁላችን አባት፣ እኛም ሁላችን ወንድማማች እንደሆንን የሚናገር ነበር። በሚቀጥለው ዓመት በሴኔካ ፎልስ የተደረገው የሴቶች መብት ጉባኤ ሪፖርት የታተመው በዚሁ ጋዜጣ ማተሚያ ነው።

ኖርዝ ስታር በየሳምንቱ 80 ዶላር ያህል ወጪ ነበረበት፤ ዳግላስ ቤቱን እስከማስያዝ ደርሷል። ከእንግሊዝ የመጣችው ጁሊያ ግሪፊትስ የሒሳብ መዝገቡን ይዛ ዕዳውን ባታቃልለት ኖሮ በሁለት ዓመት ውስጥ ይዘጋ ነበር ብዬ አምናለሁ። በ1851 ዳግላስ ሕገ መንግሥቱ በትክክል ከተነበበ ባርነትን የሚቃወም ሰነድ ነው ብሎ በአደባባይ ሲናገር፣ ጋሪሰን በዚያው ስብሰባ ላይ «እዚህ ውስጥ አንድ ተንኮል አለ» አለ። የዳግላስም ጋዜጣ ባርነትን በምርጫ ይታገል ከነበረው ከባለጸጋው ከጌሪት ስሚዝ ጋዜጣ ጋር ተዋሕዶ በዳግላስ ስም ተጠራ። በ1853 ጋሪሰን የዳግላስን ጽሑፎች ያተመው የባሪያ አሳዳሪዎች ጽሑፍ በሚወጣበት በዚያው «የጭቆና መጠጊያ» ዓምድ ውስጥ ነበር። በእኔ አመለካከት ጋሪሰን በ35 ዓመት ውስጥ ከሠራቸው ሁሉ የከፋው ሥራ ይህ ነው፤ ደንበኝነቱን ከቀን ሥራ ደመወዙ ይከፍል የነበረን ሰው ገዥዎቹ ጎን አሰለፈው።

ነዋሪነቷ ቦስተን

ጠቡ መራራ ነበር፤ ዳግላስ ግን የጋሪሰንን ውለታ በአደባባይ አልካደም። በጁላይ 5 ቀን 1852 በሮቼስተር ኮሪንቲያን አዳራሽ ስለ አሜሪካ የነፃነት በዓል ያደረገውን ዝነኛ ንግግር የዘጋው በራሱ በጋሪሰን ግጥም ነው፤ ይህም ከተለያዩ ከአንድ ዓመት በኋላ ነው። ከግጥሙ ቀደም ብሎ ደግሞ ለእኛ አንባቢዎች ቅርብ የሆነ ጥቅስ አለ፦ «ኢትዮጵያ እጆችዋን ወደ እግዚአብሔር ትዘረጋለች።» በዚያን ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን ሰባኪዎችና ጋዜጠኞች ይህን የዳዊት መዝሙር የሚጠቅሱት የአፍሪካን ልጆች ሁሉ እያሰቡ ነው።

አልተዋጠልኝም

ኢትዮጵያ ከተነሣች ዘንድ ሌላውንም ገጽ እናንሣው። የፀረ ባርነት ጋዜጣ ሁልጊዜ ከተገፋው ጎን ብቻ የሚቆም አይደለም። በለንደን በ1825 የተጀመረው «አንቲ ስሌቨሪ ሪፖርተር» በ1920ዎቹና በ1930ዎቹ ስለ አገራችን ባርነት ደጋግሞ ይጽፍ ነበር። ባርነቱ እውነት ነበር፤ የ1924ቱ አዋጅም ይህንኑ ለመግታት የወጣ ነው፤ ሙሉ በሙሉ የተከለከለው በ1942 ነው። ይህን ጋዜጣ የሚያሳትመው የብሪታንያ ፀረ ባርነት ማኅበር መልእክተኞች በ1932 አዲስ አበባ መጥተው ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ተነጋግረዋል። በ1935 ግን ጣሊያን ይህንኑ ጉዳይ ለመንግሥታቱ ማኅበር የወረራዋ ምክንያት አድርጋ አቀረበችው። ጋሪሰን ስለ ገዛ አገሩ ኃጢአት ለገዛ ወገኑ ይጽፍ ስለ ነበር ጽሑፉ ለማንም ወራሪ ሰበብ አልሆነም፤ ልዩነቱ ይህ ይመስለኛል።

የማኅደር ወዳጅ

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ራሱን የቻለ ክር ይገባዋል፤ ብትከፍተው እንከተልሃለን። እኔ ግን ወደ ቦስተን ልመለስና የመዘጋቱን ነገር ላንሣ። ባርነትን የከለከለው 13ኛው የሕገ መንግሥት ማሻሻያ በዲሴምበር 1865 ጸድቆ ሲታወጅ ጋሪሰን ጋዜጣው የተቋቋመበት ዓላማ ተፈጽሟል ብሎ በዚያው ወር የመጨረሻውን እትም አወጣ። ከዚያ በፊት በሜይ ወር የአሜሪካ ፀረ ባርነት ማኅበርም ይፍረስ ብሎ ሐሳብ አቅርቦ በድምፅ ተሸንፏል። የጋሪሰን የረጅም ጊዜ የትግል ጓድ የነበረው ዌንደል ፊሊፕስና ዳግላስ ጥቁሩ ሰው ድምፅ መስጠት እስኪችል ድረስ ሥራው አላለቀም ብለው ተሟግተው ማኅበሩን እስከ 1870 ድረስ አቆይተውታል። ሚሲሲፒ በኖቬምበር 1865 ነፃ የወጡትን ሰዎች ሥራ የሌላቸው ሆነው ከተገኙ ይዞ ለአሠሪ የሚያከራይ ሕግ አውጥታ ነበር። ጋሪሰን የመጨረሻውን እትም ፊደል በሚለቅምበት ሳምንት ይህ ሕግ በሥራ ላይ ነበር። ስለዚህ ጋዜጣውን የዘጋው ቀድሞ ነው እላለሁ፤ በ60 ዓመቱ ታክቶት እንደ ነበር ግን አልፈርድበትም።

ቀለምና ወረቀት

እኔ ግን በዚህ አልስማማም። ጋሪሰን ጋዜጣውን እንጂ ብዕሩን አልዘጋም፤ ከዚያ በኋላ በኒው ዮርኩ «ዘ ኢንዲፔንደንት» ላይ ስለ ጥቁሮችም ስለ ሴቶችም መብት ሲጽፍ ኖሯል። ደንበኛ እየቀነሰና የወረቀት ዋጋ በጦርነቱ ምክንያት እየናረ በዕዳ ከሚዘጋ፣ ግቡን መትቶ መዝጋቱ የተሻለ ነበር።

ይልቅ በዚህ ክር ውስጥ በመግቢያው ብቻ ተጠቅሶ የቀረው አይዛክ ናፕ ነው። ወለሉ ላይ አብሮ የተኛው፣ በሰሜን ካሮላይና አብሮ የተከሰሰው እርሱ ነው። ሒሳቡን መያዝ አልሆነለትም፤ ወዳጆቻቸው የጋዜጣውን ገንዘብ ለኮሚቴ ሲያስረክቡ ከሥራው ወጣ፤ መጠጥም ጎዳው። የተካድሁ መስሎት በጃንዋሪ 1842 በራሱ ስም የሰየመውን ሌላ ሊበሬተር አሳተመ፤ ከአንድ እትም አላለፈም፤ በሚቀጥለው ዓመትም ሞተ። በ1868 የጋሪሰን ወዳጆች ለጡረታው ከ30,000 ዶላር በላይ አዋጥተው ሲሰጡት ናፕ ከሞተ 25 ዓመት ሆኖት ነበር። ስለ እርሱ የተጻፈ ነገር ያነበበ ካለ እዚህ ቢጨምርልን ደስ ይለኛል።